ያልመዘንኩት እሺ

በ2064 ዓ.ም. በጥር ወር፣ አንድ አርብ ቀን ከምሳ በፊት፣ የአንዲት ሴት «እሺ» ሰማሁና «ከልብ» የሚለውን ቁልፍ ተጫንኩ። ከልቧ እንዳልነበረ አውቅ ነበር። ልነግራችሁ የተነሳሁት ይህንኑ ነው። ግን ሥራዬ ምን እንደነበረ ካላወቃችሁ ጥፋቴም በቅጡ አይገባችሁምና ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። ታገሱኝ።

በአንድ አማካሪ ድርጅት ውስጥ ሠላሳ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። ስገባ ተላላኪ ነበርኩ። አምስት ፎቅ ሙሉ ሰው ነበረ፤ ሰባ ሁለት አማካሪ። ክራቫት አስረው፣ መስታወት ላይ ቢጫና ሮዝ ወረቀት እየለጠፉ ቀኑን ሙሉ ይከራከራሉ። እኔ ሻይ አፈላለሁ፣ ፋይል ከፎቅ ፎቅ አመላልሳለሁ፣ የማን ሻይ ያለ ስኳር እንደሆነ አውቃለሁ። የሰፈሬ ሰው ሥራዬን ሲጠይቀኝ «ምክር የሚሰጥበት ቤት ነው» ስላልኩ «ዮፍታሔ ምክር ቤት ገባ» ተብሎ ቀረ። አንድ ጎረቤቴማ መብራት በጠፋ ቁጥር በአጥር ላይ አንገቱን አውጥቶ ይወቅሰኛል። እኔም በሚቀጥለው ስብሰባ አነሳዋለሁ እለዋለሁ።

ከዚያ አማካሪው መጣ፤ የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። ሌላ ስም ነበረው፤ እኛ ግን «አማካሪው» ነበር የምንለው፣ ልክ ከሰባ ሁለቱ ቀጥሎ የተቀጠረ ሰው ይመስል። መጀመሪያ እሱ ይጽፋል፣ እነሱ ያርማሉ። በኋላ እነሱ ያነብባሉ እንጂ አያርሙም። በኋላ ማንበቡም ቀረ። በየዓመቱ አንድ ፎቅ ባዶ ይሆን ነበር። አራተኛው ለሙሽራ ፎቶ አንሺዎች ተከራየ፣ ሦስተኛው ለሕፃናት መዋያ፣ ከእኛ በላይ ያለው ለጂም። ለሚሰናበቱት ኬክ ይመጣል፤ የምቆርሰው እኔ ነበርኩ። እየቆየ ኬኩ አነሰ፤ በመጨረሻ ለአንድ ሰው የሚበቃ ሆነ። ምድር ቤት ላይ የቀረነው አንድ ጥበቃ፣ ሥራ አስኪያጇ ኤልዳናና እኔ ብቻ ነበርን።

እኔ የቀረሁት በሻይ ምክንያት ነው። አንድ የወተት ማኅበር ሊቀ መንበር መጥቶ ነበር፤ ትልቅ ሰው፣ ባርኔጣ የማይለየው። አማካሪው ማኅበሩ ከሁለት ሌሎች ጋር ቢዋሃድ ይቀበል እንደሆነ ጠየቀው። ሰውየው «እሺ፣ እናያለን» አለ። አማካሪው ተስማምቷል ብሎ መዘገበ፤ የሦስት ወር ሥራ ተሠራ። ሊፈርም ሲጠራ አልፈርምም አለ። እሺ ብለው ነበር እኮ ሲሉት «ታዲያ ምን ልበል? ሻይ ጋብዛችሁኝ» አላቸው። ያን ቀን ኤልዳና ራሷን ይዛ ተቀምጣ ሳያት፣ ሰውየው እሺ ያለው እኮ ለመሄድ ነው፣ ባርኔጣውን አድርጎ ነበር አልኳት። «ይድገሙልኝ» አለችኝ።

በዓመቱ ደንብ ወጣ፦ የሰው ጆሮ ያልሰማው ስምምነት አይጸናም። የፎቶ ኮፒ ማሽኑ የነበረበት የመስታወት ክፍል ተጠረገና ወንበር ገባ። ስምንተኛ ክፍል ላይ ትምህርት ባቆምኩት በእኔ አንገት ላይ «ቃል መዛኝ» የሚል ባጅ ተንጠለጠለ።

ሥራው እንዲህ ነው። ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አደርጋለሁ። ከየአገሩ ሰዎች አማካሪው ላቀረበላቸው ጥያቄ የሰጡት መልስ ይመጣልኛል፤ በቀን ሁለት መቶም ከዚያም በላይ እሺ። ከፊቴ ሦስት ቁልፍ አለ። ከልብ። ለይሉኝታ። ለመገላገል። አማካሪው ቀድሞ መዝኗል፤ እኔ ከሱ በኋላ እመዝናለሁ። ከተስማማን ፋይሉ ያልፋል። ካልተስማማን «ልዩነት» ይባልና ሥራው ሁሉ እንደገና ይጀመራል።

እሺን እናንተም ታውቁታላችሁ። አየር ወደ ውስጥ ተስቦ የሚባለው አለ፤ እሱ አብዛኛውን ጊዜ እውነት ነው። ሁለቴ ተደጋግሞ በፍጥነት ሲባል «ሂድልኝ» ነው። «እሺ ጌታዬ» ሲሆን ሰውየውን ተዉት፣ ተቀይሟል። ከሁሉ በላይ ግን የሚሰማው ከእሺው በፊት ያለው ዝምታ ነው። እኔ የምመዝነው እሱን ነበር። ባለቤቴ ሰናይት፣ ነፍሷን ይማረውና፣ በመጨረሻዎቹ ዓመታት አንተ ፊት እሺ ማለት ፈራሁ እያለች አንገቷን ብቻ መነቅነቅ ጀምራ ነበር። አውቶቡስ ላይ ሰው በስልክ እሺ ሲል የቀኝ እጄ ጣት ጉልበቴ ላይ ቁልፍ ይፈልግ ነበር።

ሰናይት ስታርፍ ኤልዳና ሦስት ቀን ሙሉ እኛ ቤት ዋለች። ሥራ አስኪያጅ ናት፤ ግን እጅጌዋን ሰብስባ ከጎረቤት ሴቶች ጋር ብርጭቆ ስታጥብ ነበር። ይህን የምነግራችሁ ጥፋቴን ወደሷ ላሻግር ብዬ አይደለም። ከዚያ በኋላ ፊቷን እያየሁ እምቢ ማለት እንደከበደኝ እንድታውቁልኝ ነው።

እሷም አዝዛኝ አታውቅም። ብታዝዘኝ እምቢ ለማለት ይቀለኝ ነበር እላለሁ አንዳንዴ። የምትለው «ጋሼ፣ ይሄን ሰሞን ልዩነት በዝቶብናል» ብቻ ነው። በዚያ ጥር ወር ግን ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። የድርጅቱ ባለቤቶች ፋይል የሚዘገይ ከሆነ የእኛን ቅርንጫፍ እንዘጋለን ማለታቸውን ነገረችኝ። እስከ ወሩ መጨረሻ ያለ ልዩነት ብናልፍ ግን የመስታወቷ ክፍል ትቆያለች አለች። ለእርስዎ ብዬ ነው አለችኝ። መዘንኩት፤ ከልቧ ነበር።

ያን አርብ የመጣው ፋይል የሾላ ውሃ ነበር። ሾላ ውሃ ትንሽ ከተማ ናት። የጤና ጣቢያዋ ማዋለጃ ክፍል ይዘጋና እናቶች አርባ ስድስት ኪሎ ሜትር ርቆ ወዳለው የዞኑ ሆስፒታል ይሂዱ የሚል ነበር ምክሩ። በወር አራት ሰው ለሚወልድበት አንድ ክፍል፣ አንድ አዋላጅ፣ አንድ አልጋ ብክነት ነው ይላል። ቁጥሩ ውሸት አልነበረም። አርባ አንድ ሰው ተጠይቋል። አርባውን ሰማሁ፤ አማካሪውና እኔ ተስማማን። አብዛኞቹ ወጣቶች ናቸው፣ ነገሩ ያልነካቸው።

የመጨረሻዋ ሲስተር ረድኤት ነበረች፤ በዚያ ክፍል ሃያ ስድስት ዓመት ያዋለደች። ክፍሉ ቢዘጋ ይስማሙ እንደሆነ ተጠየቀች። ሰባት ሴኮንድ ዝም አለች። በዝምታው ውስጥ ገና የተወለደ ሕፃን ይነጫነጫል፣ ውሃ ሳፋ ውስጥ ይቀዳል። ከዚያ እንዲህ አለች፦

«እሺ… ይሁን እንግዲህ። እናንተ ካላችሁ።»

«እናንተ» ነው ያለችው። አማካሪው እኮ አንድ ነው፣ እናንተ አይባልም። «እንግዲህ»ዋን ሳብ አድርጋ ተወቻት፤ በሩን ገርበብ አድርጎ እንደሚሄድ ሰው። የአማካሪው ሚዛን ስክሪኑ ላይ «ከልብ» ይላል።

ማዳመጫውን ከጆሮዬ አወረድኩ። ከመስታወቱ ማዶ ኤልዳና ምሳችንን ታሞቃለች። አርብ አርብ አብረን ነበር የምንበላው። ሁለት ሳህን አውጥታ፣ ቀና ብላ፣ ጨረሱ ወይ እንደማለት ፈገግ አለችልኝ። እኔም «ከልብ»ን ተጫንኩ። ምንም አልጮኸም። «ልዩነት የለም» የሚል ጽሑፍ መጣና ጠፋ። ሄጄ ምሳዬን በላሁ። ሽሮ ነበረ፤ ይጣፍጥ ነበር። ከሁሉ የሚያሳፍረኝ መጣፈጡ ነው።

ምክሩ በሦስተኛው ቀን ሥራ ላይ ዋለ። መዛኝ ሚዛኑን እንዲያነሳ ስልሳ ቀን ይሰጠዋል፤ «ጆሮዬ ስቷል» የሚባል ቅጽ አለ። በአሥራ አንድ ዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ሞልቼው አላውቅም። ቀኑን ግን መቁጠር ጀመርኩ። ሃያ ሆነ፣ አርባ ሆነ። በሃምሳ አራተኛው ቀን ፈቃድ ወስጄ ሾላ ውሃ ሄድኩ።

ሹፌር የሌለው አውቶቡስ ነበር። ሰው ግን እስከ ዛሬ ወደ ፊት እየጮኸ ወራጅ አለ ማለቱን አልተወም፤ አውቶቡሱም ይቆምለታል። ከዋናው መንገድ በባጃጅ ገባሁ። ጤና ጣቢያው ንጹሕ ነው፤ ግቢው ውስጥ ጽድ ተተክሏል። የማዋለጃው ክፍል በር ክፍት ነበር። ውስጡ ካርቶን ተደርድሯል። ሲሚንቶው ላይ አልጋው የቆመባቸው አራት ክብ ምልክቶች ይታያሉ፤ በመሀላቸው ያለው ወለል ከሌላው ይልቅ ተፍቆ ነጥቷል።

ሲስተር ረድኤት ጠረጴዛ ላይ የክትባት ካርድ ስትለይ አገኘኋት። ሃምሳ ስምንት ዓመት ገደማ ትሆናለች፤ ጠይም፣ እጆቿ ትልልቅ። ታማሚ መስዬያት ምኔን እንደሚያመኝ ጠየቀችኝ። ከየት እንደመጣሁ ስነግራት ካርዶቹን አስቀመጠችና ወንበሩን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ሰጠችኝ።

«ታዲያ እዚያ ሥራዎ ምንድን ነው?» አለችኝ።

«እሺ መስማት ነው።»

ትንሽ ሳቅ አለች። «እሱስ ጥሩ ሥራ ነው። የኔንም ሰምተዋል?»

«ሰምቻለሁ።»

ሳቋ ፊቷ ላይ እንዳለ ቆየ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ሄደ። 

«እኔኮ ያን ቀን ከኋላዬ አንዲት ልጅ ተኝታለች፣ ገና መውለዷ ነው» አለች። «በሷ ፊት፣ ከማይታይ ነገር ጋር፣ እምቢ ብዬ ልጩህ? ሰው የሚሰማ ከሆነ እንዲህ ስለው ይገባዋል፤ ሰው ከሌለ ደግሞ እምቢም ብል ያው ነው ብዬ ተውኩት። ሳይገባው ሲቀር ሰው የለም ማለት ነው ብዬ ቆረጥኩ።»

እኔ አለሁ ማለት አልቻልኩም። ተቀምጫለሁ፤ ታየኛለች። ከዚያ ወዲህ እንዴት እንደሆነ ጠየቅኋት።

«ሁለት ሴቶች መንገድ ላይ ወለዱ» አለች። «አንዷ ደህና ናት።»

ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። የሌላዋን ስም ልትነግረኝ አፏን ከፈተችና ተወችው። እኔም አልጠየቅሁም፤ ስሟን ባለመጠየቄም አፍራለሁ። ብትሰድበኝ እወድ ነበር። እሷ ግን እስከ ባጃጁ ሸኘችኝ፤ ውሃ እንኳ ሳይቀምሱ እያለች ይቅርታ ስትጠይቅ ነበር፣ እሷ እኔን።

በማግስቱ ለኤልዳና ሁሉንም ነገርኳት፤ አርብ ዕለት አውቄ እንደተጫንኩ፣ ስለ አልጋው፣ ስለ ሁለቱ እናቶች። ቅጹን ልሞላ ነው አልኳት። እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሰማችኝ። እንባዋም መጥቶ ነበር። ከዚያ ፋይሉ ከተመለሰ የዓመቱ ሁሉ እንደሚመረመር፣ ቅርንጫፉም እንደሚዘጋ አስረዳችኝ፤ ያን አውቀዋለሁ።

«መብትዎ ነው፣ ጋሼ። ከልክዬዎት አላውቅም» አለችኝ። «ብቻ ጥቂት ቀን ያስቡበት። ለኔ ሲሉ።»

አምስት ቀን ነበር የቀረኝ። ፊቷ ላይ ያኔ ቤቴ ውስጥ ብርጭቆ ያጠበችውን ኤልዳናን አየኋት። ከላይ፣ ከጂሙ፣ ብረት ወለሉ ላይ ወደቀ።

«እሺ» አልኳት።

ሦስት ቀን አሰብኩበት። ማሰብም አይባልም፤ ቀኑ እንዲያልፍ እየጠበቅሁ ነበር። ቀኑ ካለፈ በኋላ እግሬን ያመመኝ፣ ሥራ የበዛብኝ፣ የረሳሁት አስመስዬ ለራሴ የምነግረውን እንኳ አዘጋጅቼ ነበር።

በአራተኛው ቀን ጠዋት፣ ከመጡልኝ መልሶች መሀል አንዱ ስም አልነበረውም። «ውስጣዊ» ብቻ ይላል። በቢሮው ውስጥ የሚነገር ሁሉ ይመዘገባል፤ በመካከላችን የተባለ እሺም ከሌላው እኩል መመዘን አለበት። እንዲህ ያለው ብዙ ጊዜ ይመጣል፤ የጥበቃው የፈረቃ ለውጥ፣ የኤልዳና ከባለቤቶቹ ጋር መነጋገር። እንደ ሌላው መልስ ምስልም ጥያቄም የለውም፤ ድምፁ ብቻ ነው።

ከፈትኩት። ሁለት ሴኮንድ ዝምታ። አንድ ሰው በአፍንጫው ተነፈሰ። ከዚያ የአንድ ሽማግሌ እሺ መጣ። አጭር ናት፣ ጫፏ ወደ ታች የወረደች። ምን ያለ የደከመው ሰው ነው አልኩ በሆዴ። አዘንኩለት። ምን ቢያደርጉት ነው፣ የሚወደው ሰው ነው እንዲህ ያደረገው አልኩ። ጣቴ ወደ «ለይሉኝታ» እየሄደ እያለ እንደገና ሰማሁት። በዝምታው ውስጥ፣ ከላይ፣ ብረት ወለል ላይ ሲወድቅ ይሰማል።

የአማካሪውን ሚዛን አየሁ። «ከልብ» ይላል። በአሥራ አንድ ዓመት የተማረው ከኔ ነው፤ እንዲህ ያለውን እሺ ከልብ ነው ብሎ ማመንንም ያን አርብ ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

«ለይሉኝታ»ን ተጫንኩ። ስክሪኑ «ልዩነት» አለ። ከመስታወቱ ማዶ ኤልዳና ቀና አለች። ልዩነት ሲኖር የምትበራው ቀይ መብራት ሳትበራባት አልቀረችም። ወደሷ ሳላይ ቅጹን ከፈትኩ። «ጆሮዬ ስቷል» ይላል ከላይ። ከስሩ ምክንያት ተደርድሯል፦ የድምፅ ጥራት፣ ሁካታ፣ ሕመም፣ ድካም። ድካም የሚለው ላይ ጣቴ ትንሽ ቆመ፤ እውነቱን ልንገራችሁ ብያለሁና። ከዚያ ወደ ታች ወርጄ ባዶው መስመር ላይ በሁለት ጣቴ እየለቀምኩ ጻፍኩ፦

«ጆሮዬ አልሳተም። ሰምቼ ነው።»

ላክሁት። ኤልዳና ከክፍሏ አልወጣችም። ምሳ ሲደርስ አንድ ሳህን ነበር ያወጣችው። ቅርንጫፉ ሐምሌ ላይ ተዘጋ፤ ለመጨረሻው ቀን ኬክ አልመጣም። በበዓል አትደውልልኝም። አልፈርድባትም፤ ያኔ ካጠበቻቸው አንዱን ብርጭቆ ግን እስከ ዛሬ ከሌላው ለይቼ አስቀምጬዋለሁ።

የሾላ ውሃ ማዋለጃ ከስምንት ወር በኋላ እንደገና ተከፈተ። አዲሱ አልጋ እግሩ ሰፋ ስለሚል ከድሮው ምልክት ጋር አልገጠመም አሉ። ይህን የሰማሁት ከሌላ ሰው ነው።

ሾላ ውሃ ከሄድኩ ወዲህ ከሲስተር ረድኤት ጋር ያወራሁት አንዴ ብቻ ነው፤ ቅጹን የላክሁ ዕለት፣ ከመስታወቱ ክፍል ሳልወጣ ደወልኩላት። ፋይሉ ተመልሷል አልኳት። ያን ቀን እርስዎ ጋ ስመጣ ግን ሳልገልጥ የቀረሁት አለ አልኳት። ገብቶኝ ነበር፣ ሳይገባኝ ቀርቶ አይደለም፣ ገብቶኝ ነው ያለፍኩዎት፣ ይቅር ይበሉኝ አልኳት።

ዝም አለች። ልቆጥር አልፈለግሁም፤ ግን ለምዶብኝ ቆጠርኩ። ሰባት ነበር። ከበስተኋላዋ ውሃ ይቀዳል።

«እሺ» አለችኝ።

በሕይወቴ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ እሺ መዝኛለሁ። ያችን ግን እስከ ዛሬ አልመዘንኳትም። ጆሮዬ አቅቶት አይደለም።